በጨለማ የቆዩ ምስሎች

በአንድ የምሽት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ጉዞ ትዝታዎቼ እንድናገር ጥሪው ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያደረግኩት ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አራት ካርቶኖችን ማውረድ ነበር። በውስጣቸው ከ1978 እስከ 2004 ድረስ ያነሳኋቸው ሦስት ሺህ ገደማ ስላይዶች (በፕሮጀክተር ብርሃን ግድግዳ ላይ የሚታዩ የፊልም ምስሎች)፣ ሃያ ሁለት የማስታወሻ ደብተሮችና ጊዜያቸው ያለፈባቸው አምስት ፓስፖርቶች ነበሩ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር፤ በፓስፖርቶቹ ላይ የተመቱት ማኅተሞች በዚያ አቆጣጠር ስለሆኑ ወደ ሌላ ስመልሳቸው መሳሳቴ አይቀርም። በሙያዬ የውሃ መሐንዲስ ነበርኩ። አብዛኛውን ዕድሜዬን ግድብ፣ ቦይና የወንዝ ዳርቻ ለመመርመር ከአገር አገር ስላክ ኖሬያለሁ፤ ሥራው ባለቀ ቁጥር ደግሞ የዓመት ፈቃዴን እዚያው ላይ ቀጥዬ፣ አንዳንዴም አለቆቼን በሰበብ አስባቡ እያባበልኩ፣ አካባቢውን ሳልዞር የተመለስኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ለዛሬ ምሽት ጥሩ ጥሩዎቹን ለመምረጥ ስላይዶቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሳሁ ስመለከት ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ለወዳጅ ለዘመድ ደጋግሜ ያሳየኋቸው፣ ከሁሉ ይበልጣሉ ብዬ ለብቻቸው ያስቀመጥኳቸው ስላይዶች ገርጥተዋል፤ ሰማያቸው ነጥቷል፣ የሰዎቹ ፊት አመድ መስሏል። ይሄ ደብዛዛ ነው፣ ያ ጠማማ ነው፣ እዚህኛው ላይ ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኗል እያልኩ ከታችኛው ካርቶን የጣልኳቸው ግን ትናንት ከላቦራቶሪ የመጡ ይመስላሉ። ምክንያቱ ሲጣራ ምሥጢር የለውም። አብዛኛውን ጊዜ የምጠቀምበት ፊልም ኮዳክሮም ነበር። ይህ ፊልም በ1935 ገበያ ላይ ውሎ በ2009 መመረቱ የቀረ ሲሆን፣ በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ፓርሰንስ በተባለች ትንሽ ከተማ ይገኝ የነበረው የመጨረሻው ማጠቢያ ላቦራቶሪም በ2010 መጨረሻ አዲስ ጥቅል መቀበሉን አቁሟል። የፊልሙ ጠባይ እንግዳ ነው፤ ጨለማና ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ቀለሙ ለአሥርተ ዓመታት ሳይነቃነቅ ይቆያል፣ የፕሮጀክተር መብራት ደጋግሞ ሲያርፍበት ግን ከሌሎቹ የስላይድ ፊልሞች ቀድሞ ይለቃል። እንግዲህ በጣም የወደድኳቸውን ምስሎች ያጠፋኋቸው እኔው ራሴ ነኝ፤ ያጠፋኋቸውም በማሳየት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ስለ ፊልም አያያዝ ሁለት ሦስት ምክር ሰጥቼ በተቀመጥኩ ነበር። ነገር ግን ደብተሮቹን ከፍቼ የተጻፈውን በልቤ ከያዝኩት ጋር ሳመሳክር ትዝታዬም እንደዚያው ፊልም ሆኖ አገኘሁት። ደጋግሜ የተረክሁት ታሪክ ወይ ገርጥቷል፣ ወይም ከገረጣ በኋላ ሳላውቀው ሌላ ቀለም ቀብቼዋለሁ። ለማንም ሳልነግረው የቀረው ግን እንደተቀመጠ አለ።

በጣም ከተወራው ልጀምር። እዚህ ካላችሁት መካከል ቢያንስ ሦስታችሁ የካይ ታክን ታሪክ ከእኔ አፍ ሰምታችኋል። ካይ ታክ የሆንግ ኮንግ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከካውሉን ሰፈር ሕንፃዎች ሥር ተሸጉጦ፣ ማኮብኮቢያው ወደ ባሕር ውስጥ እንደ ጣት ተዘርግቶ ነበር። ከአንደኛው አቅጣጫ የሚመጣ አውሮፕላን ተራራ ስለሚከለክለው ከማኮብኮቢያው ጋር ተስተካክሎ ከሩቅ መውረድ አይችልም። በመሆኑም አብራሪው ቀይና ነጭ የዳማ ሰሌዳ ወደተቀባበት አንድ ኮረብታ ፊት ለፊት ይበርና፣ ኮረብታው ሲቀርበው በዓይኑ እየመተረ ወደ ቀኝ 47 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል፤ ክንፉን አስተካክሎ ሲጨርስ ከሥሩ የመኖሪያ ቤቶች ሰገነት፣ ከፊቱ ደግሞ ማኮብኮቢያው ነው። በዘመኑ በአብራሪዎች ዘንድ ከታወቁት አስቸጋሪ ማረፊያዎች አንዱ ይህ ነበር።

እኔ ይህን ታሪክ ስተርክ ሁልጊዜ የምጨርሰው በአንዲት ሴት ነው። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል በመስኮቴ በኩል፣ በአንድ ሕንፃ ሰገነት ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት አየሁ። የልብስ መቆንጠጫ በጥርሷ ይዛለች፤ ከራሷ በላይ የሚያጓራውን ግዙፍ ነገር ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ይህችን ሴት ለሠላሳ ዓመታት ከቤት ቤት ይዣት ዞሬያለሁ። መቆንጠጫው ሰማያዊ ነበር። ዘንድሮ የዚያን ጉዞ ደብተር ስከፍት፣ ጁን 1987 በሚለው ገጽ ላይ በገዛ እጄ ጽሑፍ እንዲህ የሚል አነበብኩ፦ "ምሽት ላይ ደረስን። ከባድ ዝናብ። በመስኮት ከመብራት በቀር የሚታይ ነገር የለም። አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ፣ ቀን ቢሆን ኖሮ በየሰገነቱ የተሰጣውን ልብስ ታይ ነበር አለኝ።"

ስለዚህ ልብሱ የነጋዴው ነው። ሴትየዋ ግን የእሱም አይደለችም፤ እሱ ያነሳው ስለ ልብስ ብቻ ነውና ሴትየዋን፣ መቆንጠጫዋንና ሰማያዊውን ቀለም ያዋጣሁት እኔ መሆን አለብኝ። ምናልባት በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ተረኬ ላይ አንድ አድማጭ "ሰውስ ታያችሁ?" ብሎ ጠይቆኝ ይሆናል፤ ጥሩ ጠያቂ ደግሞ ጥሩ መልስ ሳያገኝ እንዲሄድ የሚፈቅድ ተራኪ የለም።

ከዚህ ይበልጥ የገረመኝ በዚያው ገጽ ግርጌ ላይ የሰፈረው፣ ለማንም ሰው አውርቼው የማላውቀው ነገር ነው። ነጋዴው እዚያ ማረፍ ለእሱ እንደ አውቶቡስ መውረድ መሆኑን እየሳቀ ሲነግረኝ ቆይቶ፣ አውሮፕላኑ ማዘንበል ሲጀምር ወሬውን አቋርጦ የእጄን አንጓ ጨብጦ ያዘ። ጎማው መሬት ነክቶ፣ ፍሬኑ ተይዞ፣ አውሮፕላኑ በዝግታ መንከባለል እስኪጀምር ድረስ አልለቀቀኝም። ከዚያ ሁለታችንም ምንም እንዳልተፈጠረ ሰው ቀበቶአችንን ፈታን፤ ወደ በሩ ስንሄድም እሱ ፊት እኔ ኋላ ሆንን እንጂ ዳግመኛ ቃል አልተለዋወጥንም። ይህን ሳነብ የእጁ ሙቀት ወዲያውኑ ተሰማኝ፤ በጣቱ ላይ ወፍራም ቀለበት እንደነበረና አጥንቴ ላይ አርፎ እንዳሳመመኝ በደብተሩ ሳይጻፍ ትዝ አለኝ። ካይ ታክ በጁላይ 1998 ተዘግቶ ዕቃው ሁሉ በአንድ ሌሊት ወደ አዲሱ ማረፊያ ተጓጉዟል፤ ተመልሼ ላመሳክር ብል እንኳ የማመሳክርበት ቦታ የለም።

አሁን ደግሞ ተነግሮ ወደማያውቀው ልሻገር። በማርች 1994 ከሞስኮ ተነስቼ በባቡር እስከ ቭላዲቮስቶክ ተጓዝኩ። መሥመሩ 9,289 ኪሎ ሜትር ሲሆን ሰባት ቀን ገደማ ይፈጃል፤ መድረሻዬ የሆነችው ከተማ ደግሞ ለውጭ አገር ሰዎች ክፍት ከሆነች ገና ሁለት ዓመቷ ነበር። ይህን ጉዞ ለማንም ያልተረክሁበት ምክንያት ቀላል ነው። ሰው ከመንገድ ሲመለስ የሚጠየቀው "ምን አየህ?" ተብሎ ነው፤ እኔ ያን ሰሞን ያየሁት የበርች ዛፍ፣ በረዶ፣ ከዚያም እንደገና የበርች ዛፍ ነው።

በዚያ ዘመን በመላው የሩሲያ የባቡር ሐዲድ ላይ የሚሠራው የሞስኮ ሰዓት ብቻ ነበር። ትኬቱም፣ የመነሻና የመድረሻ ሰሌዳውም፣ በየጣቢያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሰዓትም የሚቆጥረው በሞስኮ ነው፤ ይህ አሠራር የቀረው በ2018 ነው። ከሞስኮ እስከ ቭላዲቮስቶክ የሰባት ሰዓት ልዩነት ስላለ ወደ ምሥራቅ በገፋን ቁጥር የጣቢያው ሰዓት ከሰማዩ ጋር እየተጣላ ሄደ፤ በስተመጨረሻም ከውጭ ፀሐይ ወጥታ ሳለ የግድግዳው ሰዓት ገና እኩለ ሌሊት ነው እያለ ይሟገት ነበር። እኔ እንደ ጠንቃቃ መንገደኛ በየዕለቱ የእጅ ሰዓቴን ወደፊት አስተካክል ነበርና፣ ከመላው ፉርጎ ሰዓት የጠፋበት ሰው እኔ ብቻ ሆንኩ። የምግብ ቤቱ ፉርጎ ለእኔ ሁልጊዜ ወይ ገና አልተከፈተም፣ ወይ አሁን መዘጋቱ ነው።

ከፊት ለፊቴ ባለው አልጋ ላይ ወደ ካባሮቭስክ የሚመለሱ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። በግራ እጃቸው ላይ ሁለት ሰዓት አስረዋል፤ አንዱ ትልቅ የወንድ ሰዓት፣ ሌላው ቀጭን ማሰሪያ ያለው ትንሽ የሴት ሰዓት። የሚያግባባን ቋንቋ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ሰዓቴን ስነካካ አይተውኝ ሳቁና ትልቁን በጣታቸው መታ መታ አድርገው "ሞስኮ" አሉኝ፤ ቀጥለው ትንሹን ነኩና "ዶም" አሉ፤ ዶም በሩሲያኛ ቤት ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ስላለው ሰዓት ግድ አልነበራቸውም። አብረን በቆየንባቸው ቀናት አንዱንም ሲያስተካክሉ አላየሁም፤ ሲርባቸው ይበሉ፣ ሲመሽ ይተኙ ነበር፤ ባቡሩ ሲቆም ትልቁን፣ በዝምታ ወደ ውጭ ሲመለከቱ ቆይተው ደግሞ ትንሹን ያዩ ነበር። በሦስተኛው ቀን እኔም ሰዓቴን ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት።

በአራተኛው ሌሊት የፉርጎው ኃላፊ፣ በጫፍ ያለውን የከሰል ማሞቂያ የምትቆሰቁሰውና በብረት መያዣ ውስጥ የተቀመጠ ብርጭቆ ይዛ ሻይ የምታዞርልን ሴት፣ በሩን በጥፍሯ ቆርቆር አድርጋ "ባይካል" አለች። በመስኮቱ ላይ የጋገረውን አመዳይ በእጅጌዋ ጠርጋልኝ ሄደች። ስለዚያ ሐይቅ በቁጥር የማላውቀው ነገር አልነበረም፤ ጥልቀቱ 1,642 ሜትር መሆኑን፣ በዓለም ላይ በረዶ ካልሆነው የገጸ ምድር ጨው አልባ ውሃ ከአምስት አንድ እጁን መያዙን፣ ከሦስት መቶ በላይ ወንዞች ገብተውበት የሚወጣው ግን አንጋራ ብቻውን መሆኑን ለሌሎች አስተምሬያለሁ። ያ ሁሉ ቁጥር የሚያውቀው መሐንዲስ በእጅጌ ስፋት በተጠረገችው ክብ ያየው ግን በጨለማ የሚነጣ የበረዶ ሜዳና በላዩ ላይ ወደ መሃል የሚሄድ የአንድ መኪና ጎማ ዱካ ነው። ዱካው የሚመለስ አልነበረም፤ ወይም የሚመለሰው በሌላ በኩል ነው። ካሜራዬ ከአልጋው ሥር ነበር፤ የእኔ ፊልም በዚያ ብርሃን ምንም እንደማይዝ ስለማውቅ አልተነቃነቅኩም። ዘወር ስል እናትየዋ ነቅተዋል። ትራሳቸው ላይ እንደተጋደሙ ወደ መስኮቱ ሳይሆን ወደ እኔ ፊት ነበር የሚመለከቱት። ባይካልን ብዙ ጊዜ አይተውታል፤ ባይካልን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ግን በየጊዜው አይገኝም።

በወሬ ብዛት ሳይለወጥልኝ የቆየው የሙያዬ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ሌላ ሰው ሊያርመው ስለሚችል ይመስለኛል። በኢስታንቡል የቦስፎረስን ሰርጥ በጀልባ ስትሻገሩ ከላይ የምታዩት ውሃ ከጥቁር ባሕር ወደ ማርማራ ባሕር ይወርዳል፤ ከሥሩ ግን ጨው የበዛበት ከባዱ ውሃ በተቃራኒው ወደ ጥቁር ባሕር ይሄዳል። ይህን በ1679 እና በ1680 በሙከራ የመረመረው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ሉዊጂ ፈርዲናንዶ ማርሲሊ የተባለ የቦሎኛ ሰው ነው፤ ነጭ የተቀቡ ቡሾች የታሰሩበትንና ከጫፉ ክብደት ያለውን ገመድ ወደ ውሃው አውርዶ፣ ቡሾቹ እስከ አንድ ጥልቀት ወደ አንድ ወገን፣ ከዚያ በታች ወደ ሌላው ሲያዘነብሉ ተመለከተ። የአካባቢው አሣ አጥማጆች ግን ቀድመው ያውቁት ነበር። ይህን ለወጣት ባልደረቦቼ ከሃያ ጊዜ በላይ ነግሬያቸዋለሁ፤ አንዲት ቁጥር ባዛባ ወዲያው ስለሚይዙኝ ታሪኩ አልገረጣም። ስለ ልብስ መቆንጠጫው ማን ይይዘኝ ነበር?

ስለ ሞስታር ስነግራችሁ ትንሽ መቆየቴ ነው። በጁላይ 1984፣ አገሩ ገና ዩጎዝላቪያ ሳለ፣ ለአንድ ግድብ ሥራ በኔሬትቫ ወንዝ አካባቢ ነበርኩ። በወንዙ ላይ የተጣለው የሞስታር አሮጌ ድልድይ በ1566 የተጠናቀቀ፣ የታላቁ የኦቶማን አርክቴክት የሲናን ደቀ መዝሙር ሚማር ሃይሩዲን የሠራው ባለ አንድ ቅስት የድንጋይ ድልድይ ነው። የከተማው ወጣቶች ከቅስቱ አናት ላይ ሆነው፣ መጀመሪያ ከተመልካቹ ሳንቲም ሰብስበው፣ ከሃያ ሜትር በላይ ወደሚርቀው ቀዝቃዛ ውሃ ይዘላሉ። ባለ 36 ጥቅሌ ሊያልቅ የቀረው አንድ ምስል ብቻ ስለነበር ዘላዩ ሳንቲሙን ሰብስቦ እስኪጨርስ ሃያ ደቂቃ ያህል ዓይኔን ከመመልከቻው ሳልነቅል ጠበቅኩ። በዚያን ጊዜ የያዝኳት ትንሽ ካሜራ የምታሳየው በሌንሷ በኩል ሳይሆን ከላይ ባለው መመልከቻ ነበርና፣ ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ የሥዕሉን ግራ ሲሶ የሸፈነው ሮዝ ነገር የራሴ አውራ ጣት ሆኖ ተገኘ። ዘላዩ የለም፤ ከጣቴ ጀርባ ነው ያለው። የሚታየው የቅስቱ ግማሽ፣ የቀኙ ዳርቻና እዚያ ላይ የአንድ ሱቅ በር ብቻ ነው። ስላይዱን በንዴት ወደ ታችኛው ካርቶን ጣልኩት።

በ1993 በቦስኒያ ጦርነት ወቅት፣ ኖቬምበር 9 ቀን፣ ድልድዩ በመድፍ ተመትቶ ወንዙ ውስጥ ወደቀ። ዜናውን በቴሌቪዥን ስሰማ ያለኝ ብቸኛ ምስል ያ አውራ ጣት ያለበት መሆኑ ትዝ አለኝ። ድልድዩ ከአካባቢው ከተፈለጠ ድንጋይ በቀድሞው ቅርጹ ተሠርቶ በጁላይ 2004 ተመረቀ፤ እኔም በ2006 ስላይዱን በወረቀት አሳትሜ ይዤ ሄድኩ። በቀኙ ዳርቻ፣ በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው በር ባለበት ቦታ፣ የመዳብ ሳህን የሚቀርጹ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው አገኘሁ። ፎቶግራፉን ሰጠኋቸው። የድሮውን ድልድይ አይተው የሚሉትን ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ወረቀቱን እስከ አፍንጫቸው አቀረቡ፣ ድልድዩን አልፈው ጣታቸውን በጥጉ ላይ፣ በሱቁ በር ላይ አሳረፉ። እኔ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያላየሁት፣ በሩ ላይ ተደግፎ የቆመ የፍሬ ዘር የምታህል ሰው ነበር። "ብራት" አሉ። ወንድም ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የት እንዳለ አልጠየቅኳቸውም።

ፎቶግራፉን ማስቀረት እንደሚፈልጉ በምልክት ሲነግሩኝ በደስታ እሺ አልኩ። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው መቀስ አወጡ፤ አውራ ጣቴ ያለበትን የግራውን ክፍል በጥንቃቄ ቀጥ አድርገው ቆርጠው ያንን ለእኔ መለሱልኝ፣ የቀረውን ከሥራ ጠረጴዛቸው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ በሚስማር መቱት። ቁራጯ እስካሁን በአራተኛው ፓስፖርቴ ውስጥ አለች።

የማሊዋን ጄኔን ግን በአጭሩ ባልፋት እመርጣለሁ፤ የማፍርበት ነገር ስላለ ነው። በ1907 የተሠራው ታላቁ መስጊዷ ግድግዳው ሁሉ ጭቃ ነው፤ ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጡት የዘንባባ እንጨቶች በየዓመቱ የከተማው ሕዝብ ወጥቶ አዲስ ጭቃ ሲለስን መወጣጫ ይሆናሉ። በ1991 በግቢው ጥላ ሥር፣ ምሰሶ ተደግፈው ዓይናቸውን የጨፈኑ አንድ አዛውንት ሳላስፈቅድ አነሳሁ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የካሜራዬ ድምፅ እንደ ጥፊ ጮኸ። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፤ አልተቆጡም፣ መልሰው ጨፈኑት። ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ የፋሽን መጽሔት በመስጊዱ ውስጥ ፎቶግራፍ አንስቶ ቁጣ በመቀስቀሱ ሙስሊም ላልሆነ ጎብኚ መግባት መከልከሉን ስሰማ መጽሔቱን ለመውቀስ አፌ አልደፈረም። ያ ስላይድ ካሉኝ ሁሉ በብዛት የታየው ነው፤ በሁለት ዐውደ ርዕዮች ላይም ቀርቧል። ዛሬ ወደ ብርሃን ሳነሳው ምሰሶው አለ፣ ነጩ ልብሳቸውም አለ፤ ፊታቸው ግን ለቋል።

በቦሊቪያ ስላለው የኡዩኒ የጨው ሜዳ የምናገረው ብዙ የለኝም። ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,650 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ከመጠን በላይ ጠፍጣፋ ስለሆነ የሳተላይት ከፍታ መለኪያዎች ይስተካከሉበታል። በዝናቡ ወቅት ውሃ ሲተኛበት ሰማዩን እንዳለ ያሳያል። አንድ ሙሉ ጥቅል ጨረስኩበት፤ ሁሉም ምስሎች ያማሩ ናቸው፣ አንዱን ከሌላው ለይቼ ግን ማወቅ አልቻልኩም።

አሁን ስለ ጠፋው ፊልም ልንገራችሁ። በ1989 ሜይ ከዛምቢያ ስመለስ የእጅ ሻንጣዬ በሰነድ በመሙላቱ አሥራ አንድ ያልታጠቡ ጥቅሎችን ከትልቁ ሻንጣ ጋር አሳፈርኩ። ሻንጣው አልደረሰም። ስሙን የማልጠራው አየር መንገድ ለሦስት ወር ያህል ደብዳቤ ካጻፈኝ በኋላ ካሣ ከፈለኝ፤ በዘመኑ ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት የጠፋ ሻንጣ የሚተመነው በኪሎ ነበርና፣ ፊልሞቼ ከካልሲዬ ጋር ተመዝነው በእኩል ዋጋ ተከፈለባቸው። በዚያን ጊዜ ሐዘኔ ከባድ ነበር፤ ለወራት ስለዚያ ጉዞ ማውራት አስጠላኝ፣ ኋላም ሳላወራው ቀረሁ።

ከጥቅሎቹ በአንዱ ላይ የነበረው የሞሲ ኦዋ ቱንያ ፏፏቴ በሌሊት ነው። የብሪታንያው ተጓዥ ሊቪንግስተን በ1855 አይቶት በንግሥቲቱ ስም ቪክቶሪያ ያለው ይህ ፏፏቴ ቀድሞ የነበረው ስሙ የሚያስገመግም ጭስ ማለት ነው፤ ስፋቱ 1,708 ሜትር፣ ከፍታው 108 ሜትር ይደርሳል። ዛምቤዚ ሞልቶ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንባቸው ሌሊቶች ከሚተነው ውሃ ላይ በጨረቃ ብርሃን ቀስተ ደመና ይታያል። በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ካሜራዬን ተክዬ፣ ሌንሱን በየደቂቃው እየወለወልኩ፣ ልብሴ እስከ ውስጥ ርሶ ግማሽ ሌሊት ቆሜያለሁ። ያየሁትም ነጭ ቅስት ነው። ሰባቱ ቀለማት የሉም፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተስሎ በመዳፍ የታበሰ መስመር ይመስላል። ምክንያቱም የሰው ዓይን ቀለም የሚለይባቸው ሕዋሳት በዚያ ደብዛዛ ብርሃን አይሠሩም፤ ፊልም ግን ብርሃኑን ለደቂቃዎች እያጠራቀመ ስለሚቀበል ቀዩንም ቢጫውንም አውጥቶ ያሳያል።

ሻንጣው ደርሶ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አስባችሁታል? ሰባት ቀለም ያለው ግሩም ስላይድ ይኖረኝ ነበር። ለሠላሳ ዓመታት አሳየው ነበር። ዛሬ ማታም እዚህ ቆሜ፣ በሌሊት ቀይና ቢጫ ቀስተ ደመና በዓይኔ አየሁ ብዬ እምልላችሁ ነበር፤ ሳልዋሽ። ያ የጠመኔ መስመር የተረፈልኝ በአንድ የሻንጣ ክፍል ሠራተኛ ስህተት ነው፤ ለአየር መንገዱ የጻፍኳቸውን ደብዳቤዎች አንዳንዶቹን አሁን ሳነባቸው አፍራለሁ።

ሁለት ሰዓት ስላሰሩት እናት እስከ ዛሬ ማታ ለማንም አላወራሁም ነበር። አሁን ግን አውርቻለሁ፣ መጨረሻውም ምን እንደሚሆን ከካይ ታክ ተምሬያለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ብትጠይቁኝ ምናልባት ሦስት ሰዓት አስረው ታገኟቸዋላችሁ።

አዘጋጆቹ ፕሮጀክተር ፈልገው ስላመጡልኝ አመሰግናለሁ። ሰማንያ ስላይድ የሚይዘውን ጎማ እንድሞላ ተነግሮኝ ነበር፤ የጫንኩት ግን አንድ ብቻ ነው። በወረቀት ከታተመበት ቀን በቀር ብርሃን አርፎበት አያውቅም፣ ስለዚህ ለአሥር ሰከንድ ያህል ብቻ ይበራል። በስተግራ የምታዩት ሮዝ ነገር እኔ ነኝ። ድልድዩን ተዉትና በቀኝ በኩል፣ ከታች ጥጉ ላይ፣ በሩን ተደግፎ የቆመውን ሰው ፈልጉልኝ። መብራቱን ብታጠፉልኝ።